የሙሴ ያኒ ቤት ሁለት ምሰሶዎች

የባሌ አባት አቶ ወዬሳ የሰው ቤት ሲገቡ፣ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩ ነበር። የናዝሬት ሰው ዐመላቸውን ስለሚያውቅ አይቀየማቸውም። ከቦሰት ገጠር ወደ ከተማ የገቡት ገና በጉርምስናቸው ነው። አናጢነትን የተማሩት ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ ከቀረ አንድ ጣልያናዊ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሰው ሲሞትም የሬሳ ሣጥን ሲሠሩ ኖሩ። አጠር ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። እጃቸው ብቻ ከሌላ ግዙፍ ሰው የተዋሱት ይመስላል። አንድ ቦታ ቁጭ ብለው መቆየት አይሆንላቸውም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዲንቄ "ይኼ ሰውዬ የተቀመጠበት ወንበር አይሞቅም" ይሉ ነበር።

እኔ ያወቅኋቸው በልጃቸው በብዙነህ ምክንያት ነው። ዓመቱ 1976 ነበር። ብዙነህ መልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራል፣ እኔ ናዝሬት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሽማግሌ ተላከ። አባቴ "አስቤበት እነግራችኋለሁ" እያለ ሦስት ጊዜ ካመላለሳቸው በኋላ እሺ አለ። እሺ ብሎም አላበቃም፤ ቀለበት ከመታሰሩ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች ውጭ ምሳ አብረው ይብሉ አለ። ያውም ሙሴ ያኒ ቤት።

ሙሴ ያኒ ቤት ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ያለ አሮጌ ፎቅ ነው። ያሠራው ያኒ የሚባል የግሪክ ነጋዴ ሲሆን፣ ከጣልያን ወረራ በፊት በባቡር የሚመጡትን መንገደኞች ሊያሳድርበት ነበር። በወረራው ዘመን የጣልያን መኮንኖች በሉበት፣ ጠጡበት። ከነፃነት በኋላ የሙሴ ያኒ ልጅ ምድር ቤቱን ምግብ ቤት አደረገው። የትርፍ ቤት ዐዋጅ ሲታወጅ ቤቱ ተወረሰ፣ ልጅየውም ወደ አቴና ሄደ። በሩ ላይ "ኅብረት ምግብ ቤት" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ከተማው ግን ሙሴ ያኒ ቤት ማለቱን አልተወም።

አባቴ አቶ ኃይለየሱስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ደብዳቤ በመጻፍ ናዝሬት ውስጥ የሚስተካከለው የለም ይባልለታል። በንጉሡ ጊዜ አንድ ቀን አለቃው ሙሴ ያኒ ቤት ጋብዞት አሮስቶ የሚሉትን የጣልያን የሥጋ ጥብስ በልቷል፤ ያንን አሮስቶ ሃያ ዓመት አወራው። ምሳው እዚያ ይሁን ያለው ለእንግዶቹ ክብር ሲል መሆኑን ነገረን። እናቴ አበዛሽ ግን ብቻችንን ስንሆን፣ "አናጢው በሹካ እንዴት እንደሚበላ ሊያይ ነው" አለችኝ።

ቀኑ እሑድ ነሐሴ 20 ነበር። ፍልሰታ ከተፈታ ገና አራት ቀኑ ነው። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራ ብሎ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል የቀረው ሁለት ሳምንት ተኩል ቢሆን ነው። አጥሩም የዛፉ ግንድም ሳይቀር ቀለም ይቀባ ነበር።

በር ላይ የተቀበሉን ጋሽ መሐመድሰዒድ ናቸው። የአርሲ ሰው ናቸው፤ ከሙሴ ያኒ ልጅ ጊዜ ጀምሮ በዚያ ቤት ነጭ ኮት ለብሰው ሲያስተናግዱ የኖሩ። ከአቶ ወዬሳ ጋር "አካም ጅርታ" ተባብለው ለረጅም ጊዜ ተጨባበጡ። ከዚያ አቶ ወዬሳ እንደ ልማዳቸው ቀና አሉ፤ ዐይናቸው እዚያው ቀረ።

"ምሰሶዎቹስ?" አሉ።

ጋሽ መሐመድሰዒድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። ለበዓሉ ምሳ ሁለት መቶ ሰው ይጋበዛል፣ መድረክም ይሠራል። ምሰሶዎቹ መድረኩን ይጋርዳሉ ተብሎ ከሦስት ሳምንት በፊት ተነቅለዋል።

እነዚያን ምሰሶዎች ያቆሟቸው ራሳቸው አቶ ወዬሳ መሆናቸውን እኛ ያን ጊዜ አላወቅንም። በ1951 ዓ.ም. ነው። ፎቁን የተሸከመውን ትልቁን የዝግባ አግዳሚ፣ ከግድግዳው የሚገባበትን ጫፉን ምስጥ በልቶት ተገኘ። እሱን መለወጥ ፎቁን ሁሉ ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ አቶ ወዬሳ ከአርሲ ተራራ ሁለት የጥድ ግንድ አስመጥተው፣ ጠርበው፣ ከሥሩ ደገፉት። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። ለሙሴ ያኒ ልጅም፣ አግዳሚው ከእንግዲህ ጌጥ እንደሆነና ቤቱን የያዙት ሁለቱ ምሰሶዎች እንደሆኑ ነግረውት ነበር። ያን የሚያውቀው ሰው ግን አቴና ነው።

ጠረጴዛችን አዳራሹ መሀል ነበር። አባቴ ለሁላችንም እሱው አዘዘ፤ መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ የዝዋይ ዓሣ፣ ከዚያ አሮስቶ፣ አንድ ጠርሙስ ጉደር ወይን ጠጅም። ስለ መሥሪያ ቤቱ ማውራት ጀመረ። ወይዘሮ ዲንቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በትሕትና ያዳምጣሉ። ብዙነህ አንዴ አባቱን አንዴ አባቴን ያያል። አቶ ወዬሳ ማንኪያቸውን አላነሡም። ኮርኒሱን ከዳር እስከ ዳር ያዩታል፤ ደግሞ ጆሯቸውን ወደ ወጥ ቤቱ በር ያዘነብላሉ። ጋሽ መሐመድሰዒድ ሰሐን ይዘው በዚያ በር በወጡ ቁጥር በሩ ከላይ እየጠበቀ ስለሚይዝባቸው በትከሻቸው ይገፉታል፤ እንጨቱም ይንቋቋል።

አንድ ጊዜ ሾርባዬ ላይ በሶ የመሰለ ብናኝ ብን ብሎ አረፈ። ቁንዶ በርበሬ መስሎኝ በማንኪያዬ አማሰልኩት። አቶ ወዬሳ አዩት። ተነሡና አባቴን በትሕትና፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብንል ምን ይመስልዎታል አሉት። አባቴ ይህ ጠረጴዛ ምን ጎደለው ብሎ ጠየቃቸው።

"ከላያችን ያለው እንጨት ደክሟል" አሉ።

አባቴ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ጎረቤት ጠረጴዛዎችን እያየ ነው የሳቀው። በመንግሥት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል በሰው ፊት የሚነገርበት ዘመን አልነበረም። ሳቁን ሰምቶ የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጓድ አስፋው መጣ። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አያልፍም፤ ካኪ ለብሷል፣ ፊቱ የደከመ ነው። አቶ ወዬሳ ፎቁ ላይ ምን እንዳለ ጠየቁት። ለበዓሉ የተመደበ ስኳርና ዱቄት ነው አለ። ስንት ኩንታል ነው ሲሉት ይህ እርስዎን አይመለከትም፣ መሐንዲስ አይቶታል ብሎ መለሰ።

"መሐንዲሱ ኮርኒሱን አስከፍቶ ነው ያየው?"

ጓድ አስፋው ዙሪያው እንዲሰማው አድርጎ፣ "አባት፣ ይህ ቤት የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። የሰፊው ሕዝብ ቤት ይወድቃል እያሉ ነው?" አለ።

በአዳራሹ ውስጥ ማንኪያ ሁሉ ቆመ። አቶ ወዬሳ ጠረጴዛውን ዞረው መጡና ከኔ ወንበር ኋላ ቆሙ። በሁለት እጃቸው የወንበሬን መደገፊያ ያዙ። ምሰሶ ያጣው አግዳሚ በትክክል ከኔ በላይ እንደነበር የነገሩኝ ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነበር። ዓሣው መጣ፣ አሮስቶው መጣ፣ እሳቸው አልተቀመጡም። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው፣ "ኢንተላ ኮ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

አባቴ ውጭ በደረቁ ተሰናበታቸው። መንገድ ላይ "ይኼ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ ሁላችንንም ሊያስበላ ነው" አለ። በማግስቱ ለሽማግሌዎቹ፣ ነገሩ ከበዓሉ በኋላ ይታያል የሚል መልእክት ላከ። አባቴን ስለማውቀው፣ ይታያል ማለቱ ቀርቷል ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ተኩል አቶ ወዬሳ ሥራ ፈትተው ባከኑ። ማዘጋጃ ቤት ሄዱ፤ ከበዓሉ በኋላ ይምጡ ተባሉ። ምግብ ቤቱን ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ በጽሑፍ ያቅርቡ ተባሉ። በሰው እጅ አስጽፈው ቢያቀርቡ፣ ከበዓሉ በኋላ ይምጡ ተባሉ። እኩለ ቀን ሲሆን ሙሴ ያኒ ቤት ይገቡና፣ ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው አንድ ሻይ አዝዘው የወጥ ቤቱን በር ይመለከታሉ። አግዳሚው በወረደ ቁጥር ጉበኑን ስለሚጫነው፣ በሩ ከቀን ወደ ቀን እየጠበቀ ነው። ዛሬ በትከሻ የተከፈተው ነገ በእግር ይረገጣል። ሻዩ ይቀዘቅዛል። መሀል ሊቀመጥ የሚመጣ ሰው ሲያዩ ተነሥተው ጠጋ ይሉና፣ ወንድሜ ወደ ዳር ብትሆን ይሻላል ይሉታል። አንዳንዱ ይስቅባቸዋል፣ አንዳንዱ ሳይበላ ይወጣል።

ብዙነህ ከመልካሳ በመጣ ቁጥር ይለምናቸዋል። እሱም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ አባትህ ምንድን ነው የሚያወራው ተብሎ ተጠይቋል። አንድ ቀን ትምህርት ቤቴ በር ላይ ጠብቆኝ፣ "አንዴ፣ አንዴ እንኳ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምን አለ" አለኝ። እኔም ከዚያ እሑድ ወዲህ ሰላም አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ድንገት ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ፤ ልጆቹ ያዩኛል።

ጳጉሜ 1 ቀን አቶ ወዬሳን ቀበሌ ወስዶ አሰራቸው። ክሱ የሐሰት ወሬ መንዛት ነው።

በማግስቱ ለአባቴ ሳልነግር ምግብ በምሳ ዕቃ ቋጥሬ ሄድኩ። ጥበቃው የተማሪዬ አጎት ስለነበር አስገባኝ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሌሎች አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ እሳቸው ግን ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ። ስለ ብዙነህ ወይም ስለ ጋብቻው የሚጠይቁኝ መስሎኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

"በሩስ?" አሉኝ።

የትኛው በር እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። አላየሁትም አልኳቸው።

"ሂጂና እዪልኝ።"

እናም ሄድኩ። ብቻዋን ምግብ ቤት ገብታ የምትቀመጥ ሴት ያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው ይቀመጡበት ከነበረው ጥግ ተቀምጬ ፓስታ አዘዝኩ። ጋሽ መሐመድሰዒድ ከወጥ ቤቱ ሲወጡ በሩ ያለ ምንም ድምፅ በአንድ ጣት ተከፈተላቸው። እፎይ አልኩ። ሰውየው ተሳስተዋል፣ በሩ ደህና ሆኗል አልኩ በልቤ። ፓስታውን ሲያስቀምጡልኝ ይህንኑ ነገርኳቸው።

ጋሽ መሐመድሰዒድ ሹካውን እያስተካከሉ፣ "ትናንት በሩን ከላይ አስላጉት" አሉ። "ሁለት ጣት ያህል።" ደግሞ ዙሪያቸውን አይተው ጨመሩ፤ "ጓድ አስፋውም ከዚያ እሑድ ወዲህ ምሳውን እዚህ አይበላም። ግቢ ፓፓያው ሥር ነው የሚቀመጥ። ዝናብም ሲጥል።"

ፓስታውን ትቼው ወጣሁ። ወደ ቀበሌው ስመለስ እየሮጥኩ እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም ነበር። የሰማሁትን ስነግራቸው አቶ ወዬሳ መመላለሱን አቆሙና ግድግዳውን ተደገፉ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ያ እንጨት አይችለውም አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንደ ታመመ ሰው ነበር የተናገሩት።

ቤት ስደርስ አባቴ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። ሬዲዮውን ዘጋሁበት። እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ቀበሌ እንደሄድኩ፣ ብቻዬን ምግብ ቤት እንደተቀመጥኩ፣ በሩም እንደተላገ፣ ሁሉን ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። ጓድ አስፋው ምሳውን የት እንደሚበላ ስነግረው ግን ቀና አለ።

"ያውቃላ" አለ።

"ያውቃል። ግን ምሰሶውን ቢመልስ ማስነቀሌ ስሕተት ነበር ማለቱ ነው። እንዲያ ብሎ የት ይደርሳል?" አልኩት።

አባቴ ተነሣ። ከመስኮቱ እስከ ጓዳው በር፣ ከጓዳው በር እስከ መስኮቱ ተመላለሰ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። በመጨረሻ ቆመና በበዓሉ ቀን የመሪዎቹ ሥዕሎች የት ላይ እንደሚሰቀሉ ጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ ነው አልኩት።

"ግድግዳ ላይማ የማንም ሥዕል ይሰቀላል" አለና ወረቀት አወጣ።

ሁለት ረቂቅ ቀደደ። ሦስተኛውን አነበብኩት። ደብዳቤው ስለ ምስጥም ስለ አግዳሚም አንዲት ቃል አይናገርም። ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል ድምቀት፣ በአዳራሹ መሀል ሁለት ትላልቅ የእንጨት ዓምዶች ቢቆሙ፣ በቀይ ጨርቅ ቢጠቀለሉ፣ አንዱ የሠርቶ አደሩ ሌላው የአርሶ አደሩ ምሳሌ ሆነው የመሪዎች ሥዕልና መፈክር ቢሰቀልባቸው የሚል ሐሳብ ነው። መድረኩን እንዳይጋርዱ መድረኩ ወደ ሰሜን ግድግዳ ቢዞር ይላል። ለሥራው ልምድ ያላቸው አናጢ አቶ ወዬሳ መሆናቸውን፣ እሳቸውም ለጊዜው በቀበሌያቸው እንደሚገኙ በትሕትና ያስታውሳል። አባቴ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ። የሚፈራ ሰው እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በአብዮቱ ዘመን ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ከቢሮ እንደወጡ ሳይመለሱ ቀርተዋል። ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ጳጉሜ 3፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳያባራ ጃንጥላውን ይዞ ራሱ ወሰደው። እኔም ተከተልኩት። ጓድ አስፋው ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ፤ ተቀምጦ ደገመው።

"ግሩም ሐሳብ ነው" አለ በመጨረሻ። "መቼ ሊቆሙ ይችላሉ?"

"ዛሬ" አለ አባቴ።

ለቀበሌው ስልክ ተደወለ። አቶ ወዬሳ ከቀበሌው ሲወጡ ቤታቸው እንኳ ጎራ አላሉም፤ ወይዘሮ ዲንቄ መዶሻና የቁመት መለኪያ ቱንቢያቸውን ይዘውላቸው መጡ። የድሮዎቹ ምሰሶዎች ከግቢው ኋላ ሣር በቅሎባቸው ተጋድመዋል። በመዶሻ ጫፍ ከዳር ዳር መቷቸው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ደህና ናቸው ማለታቸው ነው። ፎቁ ላይ ያለው ዱቄትና ስኳር ይውረድ ሊሉ ሲሉ፣ ጓድ አስፋው ቀድሞ ሠራተኞቹን ማሸከም ጀምሮ ነበር። ምክንያቱን ማንም አልጠየቀውም።

ብዙነህ ከመልካሳ በጭነት መኪና ደረሰ። የመጀመሪያውን ምሰሶ አባትና ልጅ፣ ጋሽ መሐመድሰዒድና ሁለት ሰዎች ሆነው አቆሙት። አባቴ የቢሮ ኮቱን እንደለበሰ ገመድ ይዟል። አቶ ወዬሳ ከሥሩ ሁለት ሽብልቅ ከተቃራኒ አቅጣጫ አስገብተው፣ አንዱን አንዴ ሌላውን አንዴ መምታት ጀመሩ። ምሰሶው በፀጉር ያህል፣ በፀጉር ያህል ከፍ ይላል። አግዳሚው እንደሚያቃስት ከብት አቃሰተ። ኮርኒሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንቋቋና ያ በሶ የመሰለ ብናኝ እንደ ወፍጮ ቤት ዱቄት ላያችን ላይ ወረደ። ደጃፉ ድረስ የመጣችው እናቴ ማርያም ማርያም ስትል ይሰማኛል።

ያኔ የወጥ ቤቱ በር ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጉበኑ ወደ ቦታው ስለተመለሰ ከበሩ በላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ፤ በዚያ ክፍተት የወጥ ቤቱ ብርሃን ይገባል። ጓድ አስፋው ክፍተቱን አየ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ወደ ግቢ ወጣ።

ሁለተኛው ምሰሶ እሑድ ቆመ። ሰኞ ቀይ ጨርቅ ለበሱ።

መስከረም 2 ቀን ምሳው ደመቀ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በንግግሩ መሀል የሠርቶ አደሩንና የአርሶ አደሩን ዓምዶች አመሰገነ። ሁለት መቶ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። አባቴ ስሙ ተጠርቶ ነበር፤ ሰላምታ ሰጥቶ ሲቀመጥ ፊቱ ዐመድ መስሎ እንደነበር ጋሽ መሐመድሰዒድ ነግረውናል። አቶ ወዬሳን የጠራቸው የለም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጋሪዎቹ መቆሚያ አጠገብ፣ ከምሳው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሙ። ብዙነህና እኔ አብረናቸው ቆመናል። ጭብጨባው በተሰማ ቁጥር የብዙነህን ክንድ ይጨብጡታል። የመጨረሻው መኪና ከሄደ በኋላ "በሉ እንሂድ፣ እግሬ አለቀ" አሉ።

በተከታዩ እሑድ አባቴ ሳይጠራ እነሱ ቤት ሄደ። ከሽማግሌ ጋር አልነበረም፣ መልእክትም አልላከም፤ እኔን ብቻ ይዞ ሄደ። ወይዘሮ ዲንቄ ገንፎ ሠርተው ነበር። አባቴና አቶ ወዬሳ ከአንድ ገበታ በሉ፣ ስለ ምሰሶ አንዲት ቃል ሳያነሡ ስለ ዝናቡና ስለ እህል መወደድ አወሩ። ሰሜኑ ላይ ሰው በረሃብ እያለቀ መሆኑ በሹክሹክታ የሚወራበት ጊዜ ነበር። ስንወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆመና፣ "አቶ ወዬሳ፣ ልጄን ቆመው ጠብቀውልኛል። እኔ ተቀምጬ ነበር" አለ። አቶ ወዬሳም አላስጨረሱትም፤ ትከሻውን ያዝ አድርገው እስከ መንገድ ሸኙት።

ሠርጋችን ጥር ላይ ሆነ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ እኔ አማቶቼ ቤት እያለሁ፣ ጓድ አስፋው ወደ መሥሪያቸው መጣ። መሥሪያቸው ከቤቱ ጎን ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት። ካኪውን ትቶ ሹራብ ለብሷል። ቁም ሣጥን እየላጉ የነበሩት አማቴ መላጊያቸውን ሳያቆሙ እንዲቀመጥ ጋበዙት። አልተቀመጠም። ወደ ዝዋይ መዛወሩን ተናገረ። ስለ እንጨት ዋጋ ጠየቀ፣ መልሱን ግን አልሰማም። ከዚያ በድንገት፣ "ያን ጊዜ ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ" አለ።

"አውቃለሁ" አሉ አማቴ።

"እንደሚወድቅም አውቅ ነበር።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

መላጊያው ሄደ፣ ተመለሰ። ጓድ አስፋው መሬት ላይ የተከመረውን ፍቅፋቂ በጫማው ጫፍ እየገፋ ቆየ። በመጨረሻ የመጣበትን ተናገረ። ዝዋይ የሚረከበው ምግብ ቤት እንዲሁ የድሮ ፎቅ ነው። ከላይ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ተከፍቶበት ሰባ እናቶች ከሰዓት በኋላ ፊደል ይቆጥሩበታል። ባለፈው ሳምንት ሄዶ ሲያይ፣ እናቶቹ ሲነሡ ታች የነበረው ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ በራሱ ሲንቀሳቀስ አየ። ለማን እንደሚናገር ግራ ገብቶታል።

አማቴ መላጊያውን አስቀመጡ። ወለሉ በምን እንጨት እንደሆነ ጠየቁት፤ አላውቅም አለ። መሠረቱ ድንጋይ ነው ጭቃ ሲሉትም አላውቅም አለ። ወይዘሮ ዲንቄ ከበሩ ላይ ሆነው፣ ቁም ሣጥኑ ለቅዳሜ የተቀጠረ መሆኑን፣ የደንበኛውም ሠርግ እንደደረሰ አስታወሷቸው። አማቴ ቱንቢያቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ወይዘሮ ዲንቄ ስንቅ ይዘው እያጉረመረሙ፣ ብዙነህ የመሣሪያውን ሣጥን ተሸክሞ። አውቶብሱ ሞልቶ ስለነበር የመጨረሻው ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሲነሣ በመስኮቱ አየናቸው። ጓድ አስፋው ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ የቤቱን ንድፍ ይሥላል፣ አማቴ እርሳሱን ከእጁ ወስደው እዚህ ጋ፣ አይደለም እዚህ ጋ እያሉ ያርሙታል። አውቶብሱ ወደ ሞጆ መንገድ ሲታጠፍም ገና ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ነበር።